ተሳፋሪ ያልተጠራበት ስሌት

እስቲ ዛሬ ቡናችንን እየጠጣን ስለ ሥነ ምግባር እንጫወት። አይሽሹ፣ ስብከት አልጀምርም። ሥነ ምግባር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው የእሴቶች ዝርዝር ነው። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አገልጋይነት እያለ ይወርዳል፤ ከሥሩ ባለጉዳይ ተኮልኩሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። እሱን ለሰቀሉት እንተወው። እኔ የማወራዎ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 15 ነው።

በዲሴምበር 2018 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች አንድ ስሌት ሠሩ። ከዚያ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ላየን ኤር የተባለው የኢንዶኔዥያ አየር መንገድ ገና አዲስ የሆነ ቦይንግ 737 ማክስ ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቷል፤ 189 ሰው አልቋል። ባለሙያዎቹ የጠየቁት እንዲህ ብለው ነው፦ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ሳይታረም ቢቀር፣ የማክስ አውሮፕላኖች አገልግሎት ሰጥተው እስኪያበቁ ድረስ ስንት ተመሳሳይ አደጋ ይደርሳል? መልሱ እስከ 15 ሊደርስ ይችላል የሚል ሆነ። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። ማረሚያው እየተሠራ ነው፣ ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ ወጥቷል፣ እስከዚያ ያለው ጊዜ አጭር ነው ተባለ።

ሦስት ወር አለፈ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ወደ ናይሮቢ ሊሄድ ከቦሌ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው።

ያ 15 የሚለው ቁጥር ለሕዝብ የታወቀው ደግሞ በዲሴምበር 2019፣ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ባካሄደው ችሎት ላይ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም እንዴ?» ነው። በሰው ሞት ላይ ሒሳብ ሠርተው ሲያበቁ አርፈው ይቀመጣሉ? እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከርዎ። እኔን ያናደደኝ መቁጠራቸው አይደለም።

በሰው ሕይወት ላይ ስሌት የማይሠራ መንግሥት የለም። ጄረሚ ቤንታም (1748–1832) የተባለው የእንግሊዝ የሕግና የፍልስፍና ሰው፣ ከእሱም በኋላ ጆን ስቱዋርት ሚል፣ የድርጊት መመዘኛው ውጤቱ ነው ሲሉ ብዙ ሰው ተቆጥቷቸዋል። ግን ሐሳቡ በዘመኑ የድሃ ወገን ነበር። የመስፍኑ የጥርስ ሕመምና የእረኛው የጥርስ ሕመም በአንድ ሚዛን ይቀመጥ ማለት ነው፤ ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠር፣ ማንም ከአንድ በላይ አይቆጠር። ይህን ለመኳንንት አገር መንገር ቀላል ድፍረት አይደለም።

የራሳችንን ምሳሌ ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ ያላት ገንዘብ ትንሽ፣ በሽታዋ ብዙ ነበር። የተመረጠው መንገድ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ ማሰማራት ሆነ። አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ክትባት፣ አጎበር፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእናቶች ክትትል እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። በስተኋላ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ መቀነሱ በ2013 ሲነገር፣ ድሉ የእነሱ ብቻ ባይሆንም የእነሱ ድርሻ ትልቅ ነበር። በዚያው ጊዜ ግን የኩላሊት እጥበት ወይም የካንሰር ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ነበረ። የእሱ ገንዘብ ነው አጎበር የሆነው። ስሌት ነው ይህ፤ ጨካኝ ስሌት ነው፤ እኔ ግን የጤና ሚኒስትር ብሆን ኖሮ ከዚህ የተለየ አደርግ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ታዲያ በዚህና በዚያ በ15ቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የጤና ዕቅዱ በአደባባይ የተነገረ ነው። የጎደለበት ሰው መጉደሉን ያውቃል፤ ይከራከራል፣ ያማርራል፣ አቅም ካለው ውጭ አገር ይሄዳል። በ15ቱ ስሌት ውስጥ ግን አምራቹ አለ፣ ተቆጣጣሪው አለ፣ ተሳፋሪው የለም። ትኬቱን የቆረጠው፣ ልጁን ያሳፈረው፣ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ናይሮቢ የሚሄደው ሰው ሕይወቱ ሚዛን ላይ መቀመጡን የነገረው የለም።

የፕሩሲያው አማኑኤል ካንት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኑሮውን ሁሉ ኮኒግስበርግ በምትባል ከተማና አካባቢዋ የጨረሰ ሰው ነው፤ አውሮፕላን ቀርቶ ባቡርም አላየም። ነገሩን ግን በደንብ አይቶታል። ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አታድርገው ይላል። ብዙ ሰው ይህን «ለሰው ደግ ሁን» ብሎ ይተረጉመውና ያልፈዋል፤ ካንት የሚለው ግን ከዚያ ጠንከር ያለ ነው። አንድ ሰው በምታደርግበት ነገር ሊስማማ የሚችልበትን መንገድ ከዘጋህበት ተጠቅመህበታል ማለት ነው። ያላወቀ ሰው ደግሞ አይስማማም፤ እምቢም አይልም።

እስቲ ይሞክሩት። ቦሌ ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ይህ አውሮፕላን አንድ ሴንሰር ከተሳሳተ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋ ሶፍትዌር አለው፤ እየታረመ ነው፤ መስኮት ይሻልዎታል ወይስ መተላለፊያ?» ብትልዎ ይሳፈራሉ? አንዳንዱ ይሳፈር ይሆናል። መርጦ ነዋ።

የሶፍትዌሩ ታሪክ ራሱ ትንሽ መቆያ ይገባዋል፤ የሙያ ሥነ ምግባር የሚታየው ከፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካን ኤርላይንስ፣ የቦይንግ የቆየ ደንበኛ፣ ኤርባስ ያወጣውን ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን በብዛት ሊገዛ መሆኑ ተሰማ። ቦይንግ ደነገጠ። አዲስ አውሮፕላን ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በ1967 የበረረውን 737ን አዲስ ሞተር ገጥሞ ለማሻሻል ተወሰነ። የድሮው 737 ለመሬት ቀረብ ያለ ነው፤ አዲሱ ሞተር ትልቅ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ወደፊትና ወደላይ ከፍ ብሎ ተገጠመ። ይህ ደግሞ በአንዳንድ ሁኔታ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ከልክ በላይ እንዲያቀና የሚገፋው ሆነ። ያንን ለመመለስ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተጨመረ፤ ሴንሰሩ «አፍንጫው በዝቶ ቀንቷል» ሲል የጅራቱን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ዝቅ ያደርጋል። አውሮፕላኑ እንዲህ ያለ ሴንሰር ሁለት አለው። ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር።

አሁን ወረቀቶቹን ይመልከቱ። መጀመሪያ ኤምካስ ክንፉን በአንድ ጊዜ የሚያዞረው 0.6 ዲግሪ ነበር፤ ከሙከራ በረራ በኋላ ወደ 2.5 ከፍ አለ፤ ለተቆጣጣሪው በቀረበው የደኅንነት ግምገማ ላይ ግን የድሮው ቁጥር ቀረ። በሌላ ቢሮ፣ ሳውዝዌስት ከተባለው አየር መንገድ ጋር በተፈረመ ውል ላይ፣ አብራሪዎች ለማክስ ሲሙሌተር ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል ከተባለ ቦይንግ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ሊቀንስ ቃል ገብቷል። በሌላ ቢሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የኩባንያው ዋና የቴክኒክ አብራሪ ኤምካስ ከአብራሪዎች መመሪያ ላይ ስሙ እንዲወጣ ተቆጣጣሪውን ጠየቀ፤ ተፈቀደ። እናም አብራሪዎች ስሙን እንኳ የማያውቁት ነገር አብሯቸው ይበር ጀመር።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ጠዋት ተነሥቶ ዛሬ ሰው ልግደል አላለም። አንዱ የበረራ ጠባይ አስተካከለ፣ አንዱ ዋጋ ተደራደረ፣ አንዱ መመሪያ አሳጠረ። የእያንዳንዱን ጠረጴዛ ብቻውን ካዩት ተራ የቢሮ ቀን ነው። ክፋት ቀንድና ጅራት አብቅሎ ቢመጣ ኖሮ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ የሚመጣው ግን «ይቺ አንቀጽ ብትወጣስ?» በሚል ኢሜይል ነው።

ወደ ቁጥር 302 ልመለስ። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ብሎ አነበበ፤ የቀኙ 15 አካባቢ ነበር። ኤምካስ የሰማው የግራውን ነው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ የወጣው ማስጠንቀቂያ እንደሚለው የጅራቱን ክንፍ የሚያዞረውን ኤሌክትሪክ በማጥፊያዎቹ ዘጉ፤ የክንፉን መዘውር በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ አልዞር አላቸው። ፍጥነቱ ከፍተኛ ነበርና ክንፉ ላይ ያለው የነፋስ ጫና ከሰው ጉልበት በላይ ሆኗል። መልሰው ኤሌክትሪኩን ሲያበሩት ኤምካስም አብሮ ተመለሰ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኋላ የእኛው የአደጋ ምርመራ ቢሮ ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የአብራሪዎቹ አያያዝ በሚገባ አልተመረመረም ብለው አስተያየት ጽፈዋል። ይጻፉ፤ ምርመራ ክርክር ነው። እኔ ግን የተደበቀበትን ሰው «ለምን ቶሎ አላወቅህም» ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

እዚህ ላይ የቆየ ታሪክ ልጨምርልዎ፤ ጉዳዩ አንድ ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986፣ ምሽት። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በማግስቱ ከፍሎሪዳ ልትወነጨፍ ነው፤ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል ተብሏል። የማስወንጨፊያ ሮኬቶቹን የሠራው ሞርተን ታዮኮል የተባለ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከእነሱም ሮጀር ቦይስጆሊ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት በብርድ ይደርቃል፣ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይሆንም ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራከሩ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ሰዎች ተቆጡ። ታዮኮሎች ለብቻቸው ለመመካከር ጊዜ ጠየቁ። በዚያ መሐል አንድ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ የምሕንድስና ክፍል ኃላፊውን የመሐንዲስ ቆብህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ቆብህን አድርግ አለው። አወለቀ። ውሳኔው ተቀየረ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በ73ኛው ሰከንድ ፈነዳች፤ ሰባት ሰው ሞተ።

ያችን ቆብ ብዙ ሰው ያስታውሳል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ቦይስጆሊ በኋላ የተናገረው ነው፦ በዚያ ምሽት ጥያቄው ተገልብጦ ነበር። በሌላ ቀን መሐንዲሱ «ደኅና ነው» ለማለት ማስረጃ ያቀርባል። ያን ቀን «አደገኛ ነው» ለማለት ማስረጃ አምጣ ተባለ። ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ አደጋው ራሱ ነው።

ይህ መገልበጥ ነው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላይም የታየው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በወደቀበት ዕለት የቀሩትን አራት ማክሶች አቆመ። ቻይና በማግስቱ አቆመች፤ ሌሎች ተከተሉ። የአሜሪካው የአቪዬሽን አስተዳደር ግን ለማቆም የሚያበቃ መረጃ የለኝም ሲል ሦስት ቀን ቆየ። 346 ሰው ሞቶ፣ 15 የሚለው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ። በመጨረሻ አቆመ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። በፍልስፍና ትምህርት ቤት ስለ ውጤትና ስለ ግዴታ ብዙ ሊከራከሩ ይችላሉ፤ በሥራ ዓለም ግን ክርክሩን አስቀድሞ የሚወስነው ማን ያስረዳ የሚለው ይመስለኛል። ተሳፋሪው ስብሰባው ላይ ቢኖር ኖሮ «አደገኛ መሆኑን አረጋግጡልኝ» የሚል አይመስለኝም።

ስለ ድፍረት ደግሞ። በዚያ የ1986 ምሽት ፍሎሪዳ የነበረው የታዮኮል ተወካይ አለን ማክዶናልድ የማስወንጨፊያ ፈቃዱን አልፈርምም አለ። ሌላ ሰው ፈረመ። ማክዶናልድ በኋላ በምርመራው ኮሚሽን ፊት እውነቱን ስለተናገረ ኩባንያው ከሥራ ደረጃው አወረደው፤ የኮንግረስ አባላት ጣልቃ ገብተው ተመለሰ፤ እንዲያውም መገጣጠሚያውን እንደገና የመንደፉን ሥራ እሱ መራው። አርስቶትል በጎነት በአንድ ቀን አይገኝም፣ ደፋር የሚሆነው ድፍረት የለመደ ነው ይላል። ማክዶናልድ በዚያ ምሽት ድንገት ጀግና የሆነ አይመስለኝም፤ ትንንሽ ወረቀቶችን አልፈርምም ማለት የለመደ ሰው ይመስለኛል። የማክስ ታሪክም እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። ኤድ ፒርሰን የተባለ የቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ በጁን 2018፣ ሁለቱም አደጋዎች ሳይደርሱ፣ ሠራተኛው ተጣድፎና ደክሞ እየሠራ ነው፣ ቤተሰቤን በእነዚህ አውሮፕላኖች ለማሳፈር እያመነታሁ ነው፣ መስመሩን አቁሙት ብሎ ለአለቃው ጻፈ። እሱ የጻፈው ስለ ምርት ጥራት እንጂ ስለ ኤምካስ አልነበረም። መስመሩ አልቆመም። እሱ በዚያው ክረምት ጡረታ ወጣ።

«ይህ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያ ጣጣ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚሉ ካሉ፣ «ፈርም፣ ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ባለሙያ ያሳዩኝ። የሕንፃ ተቆጣጣሪ፣ የሒሳብ መርማሪ፣ የመድኃኒት ገምጋሚ፣ ሁሉም በሥራ ዘመኑ አንድ ቀን ይሰማዋል። የሚለው አለቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ለሠርግ የሚያዋጣ። እምቢ ማለት የሚከብደው ለዚህ ነው። ለክፉ ሰውማ እምቢ ማለት ይቀላል።

ተጠያቂነቱስ? እ.ኤ.አ. በ2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፤ አብዛኛው ለአየር መንገዶች የሚከፈል ካሳ ሲሆን 500 ሚሊዮኑ ለሟቾች ቤተሰቦች ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከሥራ ተባርሮ ሲሄድ 62 ሚሊዮን ዶላር ያህል የጡረታና የአክሲዮን ጥቅም ይዞ ነው። በግል የተከሰሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ የመመሪያው አብራሪ። ጠበቆቹ መሐንዲሶቹ ለእሱም አልነገሩትም፣ ለሌላው ኃጢአት የተሠዋ በግ አታድርጉት ብለው ተከራከሩ፤ በ2022 የቴክሳስ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ነፃ ነህ አለው። ምናልባት ልክ ናቸው። መቶ ሰው በየጠረጴዛው ትንሽ ትንሽ ያደረገውን አንድ ሰው ላይ መጫን ፍትሕ አይመስልም፤ መቶውንም ነፃ መልቀቅ ደግሞ የባሰ ነው። ለዚህ ቤንታምም ካንትም አጥጋቢ መልስ የሰጡን አይመስለኝም።

የ2021ዱ ስምምነት ሲፈረም የሟቾቹ ቤተሰቦች አልተነገራቸውም ነበር። ለፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። በኦክቶበር 2022 ዳኛ ሪድ ኦኮነር እነዚህ ሟቾች በሕግ ፊት የወንጀል ሰለባ ናቸው፣ ለቤተሰቦቻቸው መነገር ነበረበት ብሎ ወሰነ። በቀጣዩ ጃንዋሪ ፎርት ዎርዝ ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ ቦይንግ ቆሞ ክሱን ሲሰማ፣ ቤተሰቦቹ ተራ በተራ እየተነሡ ተናገሩ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃረበ። በኖቬምበር 2025 ያው ዳኛ መንግሥት በቦይንግ ላይ የመሠረተው የወንጀል ክስ እንዲዘጋ ያቀረበውን ጥያቄ ተቀበለ። ክሱ መዘጋቱ ለሕዝብ ይጠቅማል በሚለው እንደማይስማማ፣ ነገር ግን ሕጉ ለመከልከል ሥልጣን እንደማይሰጠው በውሳኔው ላይ ጽፏል።